ባዶ አፎት

ቬርና ታትል እሑድ ጠዋት የተገኘችው በማዕድ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ እንደተደፋች ነው። ቀኝ እጇ ትንሽ ጥቁር ሽጉጥ ይዟል፤ ጥይቱ የገባው በቀኝ ጆሮ ግንዷ በኩል ነበር። ራዲዮው አልተዘጋም። በሰሜኑ አካባቢ ተጨማሪ በረዶ እንደሚጠበቅ ማንም ለማይሰማበት ክፍል እየደጋገመ ይናገራል።

መርማሪ ኮሪን ቡቴል ቦት ጫማዋን ደጃፉ ላይ አራግፋ ስትገባ፣ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶት ነበር።

«ራሷን ነው ያጠፋችው» አላት። «ፈቃድ ክፍል በየሳምንቱ እየመጣች የምትቀመጠዋ ሴትዮ ናት። ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ጠይቃ አሥራ አራት ወር ጠብቃለች። ሲመራት ከሌባ ገዝታ ይመስለኛል፤ መለያ ቁጥሩ ተፍቋል።»

«ሲመራት ራሷን ልታጠፋበት?»

«ባሏ ሞቷል፣ ልጇ አትደውልላትም። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ኮሪን ተንበርክካ የሟቿን እጅ ተመለከተች። ሦስቱ ጣቶች እጀታውን ጨብጠዋል። ጠቋሚ ጣቷ ግን ምላጩ ላይ አልነበረም፤ ቀጥ ብሎ በሽጉጡ ጎን ላይ ተኝቷል። ኮሪን ለረጅም ጊዜ አየችው። ቀጥላ የሹራቧን ጫፍ በእርሳስ ገለጥ አደረገችው። ቬርና ወገቧ ላይ ያረጀ የቆዳ አፎት ታጥቃለች፤ ባዶ ነው። ቆዳው ግን የኖረበትን ሽጉጥ ቅርጽ እንደያዘ ቀርቷል፦ ወፍራም፣ አፈሙዙ አጭር። እጇ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ነገር እዚያ ውስጥ ቢገባ ይንቃጨል ነበር።

«ፎቶ አንሳ» አለችው። «እጇን ማንም እንዳይነካ።»

ውጭ፣ ሬሳውን ያገኘው ጎረቤት ኦሪን ዊልኮክስ በረዶ መጥረጊያ አካፋውን ተደግፎ ቆሟል። የኮሪን መኪና መስታወት በረዶ ጋግሮበት ስለነበር ማሟሟያ የሚረጨውን ጠርሙስ አወጣች። ሽማግሌው ተቀበላትና ወደ ደረቷ አነጣጠረ፤ ጣቱ መጭመቂያው ላይ ነው።

«እጅ ወደ ላይ!» አለ። ወዲያው ፊቱ ጠቆረ። «ይቅር በይኝ ልጄ። ስደነግጥ እቀልዳለሁ። ሚስቴ ስትቀበርም ቀልጃለሁ።»

«ከቬርና ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«በበረዶ ነው የምንጣላው! እሷ ጠርጋ ወደ እኔ ትገፋዋለች፣ እኔ መልሼ ወደ እሷ እገፋዋለሁ። ሎይድ ከሞተ ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበረንም። ግን ለፈቃዷ ምስክር የሆንኩላት እኔ ነኝ። ደንቡ አራት ሰው ይላል። እኔ፣ ፓስተሩ፣ ፖስተኛው፣ ባለ ሽጉጥ ሱቁ ዴል። አራተኛውን እስክታገኝ መከራዋን አየች፤ የሚያውቃት ሰው አልነበረማ።»

«ሰሞኑን እንዴት ነበረች?»

«ያው ዝም ያለች ነበረች። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእኔንም መንገድ ጠረገችልኝ። እያፏጨች!» ሽማግሌው አካፋውን በረዶው ውስጥ ሰካው። «ዛሬ መንገዷ ሳይጠረግ ሳየው ነው የገባሁት። ለመሳደብ ነበር የገባሁት።»

ዴል ሃስኪን ሱቁን ከፍቶ የዓሣ ማጥመጃ መንጠቆ ይደረድር ነበር። ሽጉጥ ይሸጣል፣ ለፈቃድ የሚያስፈልገውንም ሥልጠና ይሰጣል፤ ከወረዳው ሰው ግማሹ ተማሪው ነው፣ ኮሪንም ጭምር። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ስለነበር ገና ከበሩ ላይ አንገቱን ነቀነቀላት።

«ሎይድ ሲሞት ስድስት ጎራሹን እኔ ጋ አስቀመጠች» አላት። «ፈቃድ ሳይኖራት ቤቷ ማስቀመጥ ቀርቶ መንካትም አትችልም። ሎይድ አርባ ዓመት የታጠቀው ነው። በየሐሙሱ ትመጣና በመስታወቱ ውስጥ አይታው ትሄዳለች። እስረኛ እንደ መጠየቅ በይው።»

ኮሪን መስታወቱን ተመለከተች። ቡናማ እጀታ ያለው አሮጌ ስድስት ጎራሽ አፈሙዙ በቀይ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተጋድሟል።

«ማንን ፈርታ ነው የፈለገችው?»

«ማንንም። እሱን ታጥቃ መዞር ፈለገች፣ በቃ። የባል ኮት እንደሚለብሱት።»

«መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያነጋገርካት?»

«ሐሙስ። አንገቷን ደፍታ ነው የሄደችው። መጠበቅ ሰው ይገድላል፣ ኮሪን። ያ ፊርማ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣላት ኖሮ!»

ኮሪን ልትሄድ ስትል ውጭ የመኪናዋን መስታወት አሳየችው። «ይሄን ጉድ በዚያ በኩል እርጭልኝ እስቲ፤ ክንዴ አይደርስም።»

ዴል ጠርሙሱን ይዞ መኪናውን ዞረ። እየተራመደ ስለ ቀብሩ ያወራል፤ ጠቋሚ ጣቱ በጠርሙሱ አንገት ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ወደ መጭመቂያው የገባው የጠርሙሱ አፍ ወደ መስታወቱ ሲዞር ብቻ ነው። ረጭቶ ሲጨርስም ጣቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት፣ የሸሪፉ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ክፍል ከመከፈቱ በፊት፣ ኮሪን የክፍሉን ሠራተኛ ፊሊስ ባንታን አገኘቻት። ፊሊስ ኮቷን እንኳ አላወለቀችም።

«የቬርና ፋይል የት ደርሷል?»

«ዳኛው ዓርብ ማታ ፈርመውበታል። ካርዱ ዛሬ ነበር የሚወጣው።»

«መፈረሙን ማን ያውቅ ነበር?»

«እኔና ዳኛው።»

«ፊሊስ።»

ፊሊስ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ያለውን የፕላስቲክ ወንበር አየች። «ቅዳሜ ጠዋት ከቤቴ ደወልኩላት። ካርዱ ሳይወጣ መንገር ክልክል ነው፤ ከሥራ ያባርራል። ግን ኮሪን፣ ያን ሁሉ ወር እዚያ ተቀምጣ አይቻታለሁ። ሁለት ቀን ቀድማ ደስ ይበላት ብዬ ነው። ምን ሆና ነው ታዲያ? እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«ማንም እንዲያ አላለም። ለምን ነበር ይህን ያህል የዘገየው?»

«ልጇ ደውላ ተቃወመች። ‹እናቴ ብቻዋን ናት፣ ሽጉጥ ከሰጣችኋት ራሷን ታጠፋለች› አለች። ተቃውሞ ሲመጣ ማጣራቱ ከመጀመሪያው ይጀመራል።»

ልጅቷ ማርጎ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። በአውቶቡስ ስትጓዝ አድራለች፤ የነርስ ዩኒፎርሟ ከካፖርቷ ሥር ይታያል። ቅዳሜና እሑድ ሆስፒታል ተረኛ እንደነበረች ኮሪን አስቀድማ አረጋግጣለች።

«ትክክል ነበርኩ፣ አይደል?» አለቻት ማርጎ ሰላምታ ሳትሰጥ። «ትሞታለች ብዬ ነበር፣ ሞተች። ወይ ትክክል ነበርሽ በዪኝ፣ ወይ በእኔ ምክንያት ነው በዪኝ። ሁለቱም ያው ነው። ብቻ አንዱን ልወቀው።»

«ለምን ለእሷ አልደወልሽላትም?»

«አባቴ ሲቀበር ተጣልተን ተለያየን። ከዚያ አንድ ሳምንት ሲያልፍ ደወሉ ከበደኝ። ዓመት ሲያልፍ ጭራሽ...» ማርጎ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። «ለመንግሥት መደወል ይቀላል።»

ኮሪን ወደ መጠበቂያው ክፍል አስገባቻት። ኦሪን እዚያ ተቀምጦ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያዞራል። ፊሊስ ከመስኮቷ ኋላ ናት። ትንሽ ቆይቶ ዴል በረዶውን ከትከሻው እያራገፈ ገባ፤ ሣጥን ይዟል። ቬርና ስለሞተች በአደራ የያዘላትን ሽጉጥ ለሸሪፉ እንዲያስረክብ ታዝዞ ነው የመጣው።

«ተቀመጥ ዴል» አለችው ኮሪን። «ሁላችሁም ቬርናን ታውቋታላችሁ። ከእናንተ ሌላ የሚያውቃት ብዙ ሰው የለም። ስለዚህ እናንተው ስሙ። ቬርና ራሷን አላጠፋችም።»

ማርጎ የወንበሩን ጠርዝ ያዘች።

«ከእጇ ልጀምር። ራሱን የተኮሰ ሰው ጣቱ ምላጩ ላይ ይቀራል፣ ወይም ሽጉጡ ይወድቃል። ከሞተ በኋላ ጣቱን አውጥቶ ጎን ላይ የሚያስተኛ ሰው የለም። ሽጉጡን እጇ ላይ ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው የሞተች ሴት ጣት እንኳ ምላጭ ላይ ለማኖር እጁ አልታዘዘለትም።»

«እኔን ነው የምትይው?» አለ ኦሪን። «ዕድሜዬን ሙሉ አዳኝ ነኝ።»

«እርስዎማ መርጫዬን ይዘው ሲቀልዱ ጣትዎ መጭመቂያው ላይ ነበር፤ ያውም ደረቴ ላይ አነጣጥረው። እስከ ዛሬ እግርዎን አለመምታትዎ ይገርመኛል።»

«አንዴ መትቻለሁ» አለ ኦሪን ዝቅ ባለ ድምፅ።

ዴል ሳቅ አለ። «ጣት ከምላጭ ውጭ! በየክፍሉ እየጮህኩ የማስተምረው ነው። ያ ከሆነ ማስረጃሽ ግማሹን ወረዳ እሰሪ። ራስሽንም።»

«ልክ ነህ፤ ጣት ብቻውን አይበቃም። እሑድ ግን አንድ ነገር አልከኝ፦ ‹ያ ፊርማ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣላት ኖሮ።› መምጣቱን ማን ነገረህ?»

«እ... ሰው ያወራል።»

«ሐሙስ ነው ያነጋገርኳት ብለሃል። ዳኛው የፈረሙት ዓርብ ማታ ነው። መፈረሙን የሚያውቁት ዳኛው፣ ፊሊስና ቅዳሜ ጠዋት የተደወለላት ቬርና ብቻ ናቸው። ፊሊስ ለሌላ አልተናገረችም፤ ዳኛውንም ጠይቄያቸዋለሁ። ቬርና ግን ደስታዋን ለማን ትንገር? ልጇ አትደውልላትም። የጎረቤቷን በረዶ ጠረገች፣ ከዚያም ሽጉጧን ወደያዘላት ሰው ደወለች። አፎቱንም ታጠቀች።»

ኮሪን ከመሳቢያ አሮጌውን አፎት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ሣጥኑን ክፈተው።»

«በደንቡ መሠረት ፈርመሽ መረከብ...»

«ክፈተው፣ ዴል።»

ቡናማ እጀታ ያለውን ስድስት ጎራሽ ራሷ አወጣችው፤ ባዶ መሆኑን አይታ ወደ አፎቱ ሰደደችው። ግማሽ ድረስ ገብቶ ቆመ። ገፋችው። አርባ ዓመት አንድ ሽጉጥ ብቻ ያቀፈው ቆዳ ይኼኛውን አልተቀበለውም፤ አፈሙዙ ረዝሞ፣ ጎኑ ሰፍቶ ቀረ።

«ይሄ የአባቴ አይደለም» አለች ማርጎ። ድምፅዋ የልጅ ድምፅ ነበር። «ሲያቅፈኝ ጎኑ ላይ ይቆረቁረኝ ነበር። የእሱ አጭር ነው።»

«አዎ። የሎይድ ሽጉጥ ከተሸጠ ቆይቷል» አለች ኮሪን። «ቬርና እጀታውን ብቻ በመስታወት ስለምታይ በምትኩ ሌላ ማጋደም በቂ ነበር። ደንቡ ራሱ ይጠብቅልህ ነበር፤ ፈቃድ እስከሌላት ድረስ አትነካውም። እዚህ ቤት ያለን ሰዎች ሁሉ ፈቃዷን ስንጠብቅ ወይም ስንፈራ፣ ጨርሶ እንዳይመጣ የሚያስፈልገው ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ‹ሰኞ እመጣለሁ› ስትልህ፣ ‹አትድከሚ፣ እኔ አመጣልሻለሁ› አልካት። በሩን በደስታ ከፈተችልህ። ሁሉም የሚያምነው ታሪክ ደግሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅህ ነበር፦ ብቻዋን የምትኖር፣ መጠበቅ የሰለቻት ሴት።»

የዴል እጅ ጉልበቱ ላይ ነበር። ጠቋሚ ጣቱ ቀጥ ብሏል። አየውና አጠፈው።

«አሮጌ ሽጉጥ የሚሰበስብ አንድ ሰው ለመነኝ» አለ በመጨረሻ። «እንደዚያ ዓይነት አይገኝም አለኝ። ብዙ ሰው ማመልከቻ አስገብቶ ይተወዋል፤ እሷም ትተወዋለች ብዬ ነበር። መሸጤ ከታወቀ ሱቄም የማስተማር ፈቃዴም ያበቃል። ማን ነው ይህን ያህል ጊዜ የሚጠብቅ?»

«ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው» አለች ፊሊስ ከመስኮቷ ኋላ።

ፖሊሶች ዴልን ይዘውት ሲወጡ ኦሪን ተነሥቶ ባርኔጣውን አደረገ። ማርጎ ፊት ሲደርስ ሊቀልድ አፉን ከፈተ፤ አልመጣለትም። ትከሻዋን ነካ አድርጎ ወጣ።

ማርጎ አፎቱን አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። የተቀመጠችው ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ነበር። ፊሊስ አየቻትና ኮቷን ቀስ ብላ አወለቀች።

«እኔ መሆኔን ታውቅ ነበር?» አለች ማርጎ። «የከለከልኳት እኔ መሆኔን?»

«መንገር ግዴታዬ ነው፤ ነገርኳት።»

«ምን አለች? ረገመችኝ?»

«‹ራሷ ናት የደወለችው?› አለችኝ። አዎ አልኳት። ‹ድምፅዋ እንዴት ነው?› አለችኝ። ምን እንደምላት ጠፍቶኝ፣ ጉንፋን የያዛት ትመስላለች አልኳት። በእርግጥም አፍንጫሽ ታፍኖ ነበር።» ፊሊስ መነጽሯን አውልቃ ያዘችው። «ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትመጣለች። ስለ ፈቃዱ ከመጠየቋ በፊት ‹ጉንፋኑ ተሻላት?› ትለኛለች። አንዳንዴ ስለ ፈቃዱ ሳትጠይቅ ትሄድ ነበር።»

ኮሪን በሩ ጋ ቆማ መውጣቱም መቆየቱም አቃታት።

«ምን ትያት ነበር?» አለች ማርጎ።

«ተሽሏታል እላት ነበር» አለች ፊሊስ። «በየሳምንቱ። ደግመሽ ደውለሽ አታውቂም፤ እሷ ግን አምናኝ ትሄድ ነበር።»