ወደ ኋላ የዞረው ጣት

ፕሮፌሰሩ የሞቱት በምሳ ሰዓት ነው፤ በሙዚየሙ የአጥንት ማጽጃ ክፍል፣ ከመዳፍ በማትበልጥ፣ አጥንቷ ድንጋይ በሆነ የጥንት ወፍ ፊት እንደተቀመጡ። አስም ነበረባቸው። ሲያፍናቸው ወደ አፋቸው የሚነፉት ፓፋቸው ከስድስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ፣ በር አጠገብ በተሰቀለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ተገኘ።

ሐኪሙ «ያው አስም ነው» ብሎ ፋይሉን ሊዘጋ ነበር። ባልደረቦቿ «ወይዘሮ እንዴት» የሚሏት መርማሪ ግን በማግስቱ ስትመጣ ሦስት ሰዎች እያለቀሱ ጠበቋት፤ ሦስቱም «የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አሏት። ነገሩ አልጣማትም። ሰው የገደለ ይክዳል እንጂ ተሰልፎ አያምንም።

መጀመሪያ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋን፣ የሟቹን ታላቅ እህት አነጋገረች።

«ትርፍ ፓፍ ሁሌ በቦርሳዬ እይዝለት ነበር» አሉ ሴትየዋ። «ትናንት ጠዋት ግን ተጣላንና ቤት ጥዬው ወጣሁ።»

«እንዴት ተጣላችሁ?»

«‹ሃያ ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ፣ ለዓለም እናገራለሁ› አለኝ። በስተርጅና ራስህን አታዋርድ አልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ሆነ።»

ሁለተኛው አጥንት አጽጂው ነበሩ። በመርፌና በብሩሽ ድንጋይ ሲፍቁ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ «እጀ ላባ» ይሏቸዋል።

«ልጄ፣ የጥፋቱ ሁሉ ሥር እኔ ነኝ። ይህች ወፍ የመጣች ጊዜ አራተኛ ጣቷ ተገንጥሎ ነበር። ወደ ኋላ አዙሬ አጣበቅኩት። ፕሮፌሰሩም እሱን አምነው የበቀቀን ዘመድ ናት አሉ፤ አዲስ የወፍ ቤተሰብ ስምም አወጡላት።»

«ጋሼ፣ እንዴት ነው ወፍ በአንድ ጣት ዘመድ የሚወጣላት?»

«እግር ነዋ! የበቀቀን አራተኛ ጣት ወደ ኋላ እንደዞረ ይቀራል። ከትናንት በስቲያ አሮጌውን ሙጫ በአሴቶን ማሟሟት ስጀምር ከሥሩ ድብልብል ያለ መገጣጠሚያ ብቅ አለ። ለካስ ጣቷ እንደ ልቧ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዞራል! የመጀመሪያውም እንደዚያው። በዚያ ላይ ጅራቷ ረጅም ነው። ይቺ የአይጥ ወፍ ናት፤ በቅርንጫፍ ላይ እንደ አይጥ የምትሽሎከሎከው። ዘሯ ቢጠፋም ወገኗ እዚያ ነው።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ማታውኑ ለፕሮፌሰሩ ነገርኳቸው፤ ትናንት አሟሙቼ ስጨርስ ጣቱን ወደ ፊት አዙሬ አጣበቅኩትና አሸዋ በሞላ ሳህን ላይ አቁሜው ለምሳ ወጣሁ። ሙጫዬ ለመድረቅ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስወጣ እንደ ልማዴ የአየር ማውጫውን አጠፋሁት። አስማቸውን የሚቀሰቅሰው አሴቶን እየሸተታቸው ጥያቸው ሄድኩ።»

መርማሪዋ ሳህኑን አቀረበችላቸው። ሽማግሌው አጎንብሰው አዩና ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ወደ ኋላ ነው! ማን ነካው? ይሄ ደግሞ የኔ ሙጫ አይደለም። ሱፐር ግሉ ነው፤ ሣጥን ላይ ቁጥር የምንለጥፍበት። አጥንት ላይ እንዴት ይደረጋል? አይለቅም እኮ!»

ሦስተኛዋ የፕሮፌሰሩ ምክትል ነበረች፤ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዶክትሬቷን በዚህችው ወፍ ላይ የሠራች፣ በሚቀጥለው ወር የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ልትሆን የታጨች።

«ምሳ እንሂድ ልላቸው ይገባ ነበር» አለች እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች። «ወደ ማጽጃ ክፍሉ እንኳ ብቅ አላልኩም።»

መርማሪዋ ወደ ጥበቃው ወረደች። ሠራተኛው የሚገባውም የሚወጣውም አሻራውን በማሽን አስነብቦ ነው፤ ማሽኑ እምቢ ያለው በደብተር ይፈርማል። ደብተሩን ገልጣ ቆይታ አየችና ሦስቱንም ወፏ ካለችበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ጋሼ ለምሳ ሲወጡ ጣቱ ወደ ፊት ነበር» አለች። «ስምንት ሰዓት ላይ አስከሬኑ ሲገኝ ክፍሉ ታሸገ። እስከ ዛሬ ማንም አልገባም። ስለዚህ ያዞረው ሰው በምሳ ሰዓት ከፕሮፌሰሩ ጋር ነበር። ጋሼ ናቸው እንዳልል፣ በሱፐር ግሉ አጥንት ከሚያጣብቁ እጃቸው ቢቆረጥ ይመርጣሉ።»

«እውነት ነው» አሉ ሽማግሌው።

«እትዬም ስህተቱ እንዲደበቅ ይፈልጉ ነበር። ግን ሱፐር ግሉ ጣት ላይ ይደርቃል፤ ማሽኑ እንዲህ ያለ ጣት አያነብም። የእትዬን አሻራ ትናንትም ዛሬም አንብቧል። የጋሼ ጣት በድንጋይ ስላለቀ ዓመቱን ሙሉ በደብተር ነው የሚፈርሙት። ትናንት ሰባት ተኩል ላይ ግን ሌላ ሰው በደብተር ፈርሟል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።» ወደ ምክትሏ ዞረች። «እጅሽን አውጪ።»

ምክትሏ አወጣችው። የሁለቱ ጣቶቿ ጫፍ ተልጦ ቀልቷል።

«ልገድላቸው አልገባሁም» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። «ሲያፍናቸው ወደ ኮቱ አመለከቱኝ። መጀመሪያ ስህተቱን ለማንም እንደማይናገሩ ይማሉልኝ አልኳቸው። ዝም አሉኝ። እምቢ ያሉ መስሎኝ... መናገር እንዳቃታቸው የገባኝ ሲወድቁ ነው። የሠራሁት ሁሉ ውሸት ሊሆን ነው ብዬ ጣቱን መለስኩት። ጨክኜ እኮ ነው የቆምኩት! ስድስት እርምጃ ነበር!»

ሽማግሌው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እህትየው ግን ቀስ ብለው ቦርሳቸውን ከፈቱና የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ወንድሜ ትናንት ጠዋት የሰጠኝ ነው» አሉና አነበቡ። «‹ስህተቱ የእኔ ብቻ ነው። ተማሪዬ የጻፈችው እኔ ያስተማርኳትን ነው። እርማቱን እሷ ታውጣው፤ ወፏን ከትክክለኛ ወገኗ የመመደቡ ክብርም የእሷ ይሁን።›»

ምክትሏ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ከምሳ በፊት ለሷ ስጪልኝ ብሎኝ ነበር» አሉ እህትየው። «ክብሩን አሳልፎ ሰጠ ብዬ ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። እንግዲህ ልጄ፣ እኔንስ በምን ትከስሺኛለሽ?»

መርማሪዋ ወረቀቱን ከእጃቸው ተቀብላ ከፋይሉ ጋር አያያዘችው።