ጣሳ ላይ የቆመችው ልጅ

ጌንዲስ የብስኩቱን ጣሳ ክዳን በጥፍሯ ፈልቅቃ ከፈተችና ፊቷን አጨማደደች።

«አሁንም ተሸወድኩ! አንድ ፍርፋሪ እንኳ የለውም?»

«ፎቶ ቤት ገብተሽ ብስኩት የምትፈልጊው አንቺ ነሽ ፋራ» አለች ጓደኛዋ ሬትኖ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች። ዙሪያዋን ሌሎች ጣሳዎች ተከፋፍተዋል። በጃቫ ደሴቷ ከተማ በሳላቲጋ የብስኩት ጣሳ የሚከፍት ሰው ብስኩት አገኛለሁ ብሎ አይደለም፤ አንዱ ቤት መርፌና ክር፣ ሌላው ቤት የሩዝ ጥብስ ይጠብቀዋል። በሬትኖ አያት ቤት ያለው ግን የፎቶ ፊልም ነጋቲቭ ነው። በወረቀት የተጠቀለለ፣ ዓመቱ በየጣሳው ክዳን ላይ በቀለም የተጻፈበት፣ የስንት በዓል ነጋቲቭ።

«የዚያችን ፎቶ ነጋቲቭ ካላገኘን ጉድሽ ፈላ። ሴትየዋ ዘጠኝ ሰዓት ትመጣለች አላልሽም?» አለች ጌንዲስ።

«አውቃለሁ አቦ፣ አታስጨንቂኝ!»

ነገሩ የጀመረው የሬትኖ እናት ፎቶ ቤቱ ከበዓሉ በኋላ ለስልክ ሽፋን ነጋዴ እንደሚከራይ የነገረቻት ቀን ነው። ሬትኖ ወደ ፎቶ ቤቱ ገብታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈች አንዲት አሮጌ ፎቶ በስልኳ አነሳችና ኢንተርኔት ላይ ለቀቀቻት። ለዒድ የለበሱ አባት፣ እናትና አራት ልጆች ናቸው፤ ከኋላቸው ሸራ ላይ የተሳለ ተራራና ሐይቅ አለ። ትንሿ ልጅ የብስኩት ጣሳ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ጨፍና ትስቃለች። ከማታውቃቸው ከተሞች ሁሉ የሰው አስተያየት ጎረፈ። «የኛም ቤት እንዲህ ነበር» አለ አንዱ። «የእናቴን ቀሚስ አየሁት» አለች ሌላዋ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጣሳውን የሚያመርተው የብስኩት ኩባንያ ራሱ ጻፈላት።

«አገኘኋት!» ጌንዲስ ነጋቲቩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋችው። ነጩ ጠቁሮ፣ ጥቁሩ ነጥቶ፣ ልጅቷ እዚያ ላይም ትስቃለች።

ከኩባንያው የመጣችው ሴት ቪና ትባላለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ጎንበስ ብላ የሬትኖን አያት እጅ ሳመች። እሳቸውን ሰፈሩ ሁሉ ምባህ ነው የሚላቸው፤ አያት ማለት ነው። ለስጦታ ትልቅ አዲስ የብስኩት ጣሳ ይዛ መጥታለች።

«አባት፣ የዘንድሮው የበዓል ማስታወቂያችን ምን እንደሚል ያውቃሉ? “ያኔም አብረን ነበርን” ነው የሚለው። ይኸው ጣሳችን! በቤተሰቡ መሀል!»

«ሻይዎን ይጠጡ፣ ይቀዘቅዛል» አሉ ምባህ።

«በየአውራ ጎዳናው በትልቁ ይሰቀላል። ከግርጌው “ፎቶ፦ ሱዊግኞ ፎቶ ቤት፣ ሳላቲጋ” ይላል።» ቪና ወደ ሬትኖ ዞረች። «ለፎቶው ብለን የያዝነው በጀት እንኳ የለም። ግን አገር ምድሩ ያያችኋል። እንዲህ ዓይነት ስም በገንዘብ አይገዛም፣ አይደል?»

ጌንዲስ ከጠረጴዛው ስር የሬትኖን እግር ረገጠች። ሬትኖም ልቧ ዘሎ ነበር። የምባህ ስም አደባባይ ላይ ሲበራ ታያት። ሰው ስሙን አንብቦ ሲመጣ፣ ሰልፉ እንደ ድሮው እስከ መንገዱ ሲደርስ፣ እናቷ ለስልክ ሽፋን ነጋዴው ደውላ «ይቅርብህ» ስትለው።

«ሙዝ ጥብስ አለ፣ ይቅመሱ» አሉ ምባህ።

ሬትኖ አያቷን ታውቃቸዋለች። ለሳቸው እንግዳን ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ሻዩን ፊቱ ላይ እንደ መድፋት ነው። እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። ቪና ግን እንደ እሺ ወሰደችው።

«እንግዲያው ነገ እመለሳለሁ። ነጋቲቩን በዚሁ በኛ ጣሳ ውስጥ አድርጋችሁ ትሰጡኛላችሁ። ስቀበል እንቀርጸዋለን፤ ለቪዲዮ እንዴት እንደሚያምር!»

ስትሄድ ጌንዲስ የብስኩቱን ጣሳ አቀፈችው። «ይሄኛው እንኳን እውነተኛ ነው» አለች አፏን ሞልታ። «በቃ ታዋቂ ሆንሽ! ምን ታስቢያለሽ?»

«እንጃ» አለች ሬትኖ። ለምን እንጃ እንዳለች ራሷም አልገባትም።

አመሻሽ ላይ ምባህ የፎቶ ቤቱን ዕቃ ሲሸክፉ አገዘቻቸው። ከሸራው ጀርባ አንድ ጥንድ ጥቁር ጫማ ተገኘ። ሬትኖ ሳቀች። ግድግዳው ላይ ባሉት ፎቶዎች ሁሉ ያ ጫማ አለ፤ አንዴ ሙሽራ፣ አንዴ ተማሪ፣ አንዴ ወታደር አድርጎታል። ለዒድ ሰው ፊቱን በፓውደር አንጥቶ ሲሰለፍ ጫማው ከእግር እግር ይዞር ነበር።

«ምባህ፣ ያ ጣሳ ለምን ገባ ፎቶው ውስጥ? ብስኩት ሊበሉ ነበር?»

«ምን ብስኩት አለው፣ ባዶ ነው!» አሉ ምባህ እየሳቁ። «አጭር ልጅ የሚቆምበት ነው። ያንቺም እናት ቆማበታለች። አንቺም ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሳጥብ ካላየሁ እያልሽ የቆምሽበት እሱ አይደል?»

አስታወሰችው። ቀዩ ብርሃን፣ የፎቶ ማጠቢያው ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ፣ ባዶው ወረቀት ውሃ ውስጥ ሲተኛ፣ ከዚያ ከየት መጣ ሳይባል የሰው ዓይን ብቅ ሲል።

«ነገ ለሴትየዋ ምን እንበላት?»

«ፎቶውን ለሰው ያሳየሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪያት።»

«እርስዎ እኮ ለስንቱ በነፃ አንስተዋል!»

ምባህ ጫማውን በእጃቸው ጠረጉ። «የጣሳዋን ልጅ ቤተሰብ ለምሳሌ በካሳቫ ነው ያነሳሁት። ነፃ አልነበረም። ካሳቫው ጥሩ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ቶፉ፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ እንድትገዛ ላከቻት። መስጊዱ ጥግ የተጠበሰ ቶፉ የምትሸጠው ሙርኒ፣ ጣሳው ላይ የቆመችው ልጅ ራሷ ናት። አሁን ፀጉሯ ሸብቷል። ሬትኖ ስልኳን አሳየቻት።

«ውይ! ይቺ እኔ ነኝ?» ሙርኒ ጭልፋውን አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ያን ቀን እኮ አልቅሼ ነበር። የፎቶ ቤቱ ጫማ ሰፍቶኝ ይወልቅብኛል። አያትሽ “በቃ ጣሳው ላይ ውጪ፣ ከሁሉም ትበልጫለሽ” አሉኝ። ከዚያ ካሜራው ጀርባ ሆነው እንደ ዶሮ ይጮኹልሽ ጀመር! ሰልፈኛው ያጉረመርማል፣ አባቴ አፍሮ ይጠቅሰኛል። እሳቸው ግን እስክስቅ ድረስ ቆመው ጠበቁኝ።»

«እትዬ፣ አደባባይ ላይ በትልቁ ቢሰቅሉዎት ምን ይላሉ? ብስኩት ኩባንያው ነው።»

«እኔን? ብስኩት ሊሸጡብኝ? አንድ እንኳ ሳያቀምሱኝ?» ሙርኒ እንደ ፎቶው ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ስልኩን እንደገና አስጠጋችው። «እኛ ቤት የነበረችው ጣሪያው ሲያፈስ ተበላሸች። የእናቴን ፊት ካየሁት ስንት ዘመኔ።» ቶፉውን ጠቀለለችላት፤ ላዩ ላይ እፍኝ ቃሪያ ጨመረች።

ቤት ስትደርስ እናቷ አፔም እየጋገረች ነበር። ከዒድ በፊት ያለው ጾም ሊገባ ሲል በየቤቱ ይጋገራል፤ ለስላሳ፣ ክብ የሩዝ ኬክ ነው። ለጎረቤት ሲላክ ያስቀየምኩህ ነገር ካለ ይቅር በለኝ ማለት ነው። ቃሉን ማንም አያወጣውም፤ ሳህኑ ይናገራል። ተሞልቶ የመጣ ሳህን ደግሞ ባዶውን አይመለስም።

ሬትኖ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዲስ ጣሳ አየችው። ጌንዲስ ግማሹን ጨርሳዋለች። የቀረውን ብስኩት ወደ ሌላ ዕቃ ገለበጠችው።

ቪና ስልኳን ማቆሚያ ላይ ሰክታ መጣች። ምባህ ሻይ ቀዱላት። ሬትኖ ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?» አለች። «ትልቁን ባነር የሚያትሙት ሰዎች፣ እነሱም በነፃ ነው?»

«እንዴ! በነፃማ ማን ያትማል?» ቪና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ገታችና ሻዩን አየች።

ሬትኖ ጣሳውን ሰጠቻት። ቪና ክዳኑን ከፈተች። አፔሞቹ በሙዝ ቅጠል ላይ ተደርድረዋል፣ እንፋሎታቸው አልጠፋም። ቪናም የጃቫ ልጅ ናት፤ ይቅርታውንም እምቢታውንም ጣሳው ነገራት። ስልኳን ከማቆሚያው ነቅላ አጠፋችው።

«ልጄ፣ ቢሮው ሌላ ፎቶ ይፈልጋል እንጂ አይጠብቃችሁም» አለች በዝግታ። ቁጣ አልነበረበትም። «አገር ሊያያችሁ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። የምትከፍሉ ከሆነና እትዬ ሙርኒም ከፈቀዱ ግን ተመልሰው ይምጡ።» ምባህ መሬት መሬት እያዩ ነው።

ቪና ጣሳውን አቅፋ ወጣች። በሩ ላይ ቆማ አንድ አፔም ገመጠችና «የእናትሽ እጅ ይጣፍጣል» አለች።

ሬትኖ የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ አልተነቃነቀችም። የምባህ ስም አደባባይ ላይ አይበራም። የስልክ ሽፋን ነጋዴው ይመጣል፤ ሸራው ይጠቀለላል። ምናልባት ተሳስታለች። ጌንዲስ ስትሰማ «አበድሽ?» እንደምትላት አትጠራጠርም።

«ምባህ፣ የፎቶ ማጠቢያ ወረቀት ተርፎዎታል?»

«አንዲት ፓኬት። ጊዜዋ ሳያልፍ አይቀርም።»

ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ቀዩ አምፖል በራ። የኮምጣጤው ሽታ ያው ነው። አሮጌው ጣሳ ጥግ ላይ ነበር፤ አሁን ሳትቆምበት ትደርሳለች። በነጋቲቩ በኩል ብርሃን ካሳለፈችበት በኋላ ባዶውን ወረቀት ማጠቢያው ውሃ ውስጥ አስተኛችው።

«ለማን ነው?» አሉ ምባህ።

«ለእትዬ ሙርኒ።»

«በነፃ?»

ሬትኖ ትንሽ አሰበች። «በቶፉ» አለች።

«ቃሪያውን እንዳትረሳው ንገሪያት።»

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ጣሳው መጣ፤ ከዚያ የሰፋው ጫማ፣ ከዚያ የእናትየው ፊት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ ሳቁ ብቅ እስኪል ጠበቁ።