የዘገየው መርዶ

ሀዋሳ መናኸሪያ ሰፈር የወይዘሮ ሙሉዬ ቤት ጎረቤት የሚቀናበት ቤት ነበር። ታዲያ ደስታ መች ይበረክታል! አንድ ክረምት ወባ ገባና ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ሊድያንና ታናሽ ወንድሟን ኪሩቤልን፣ ባንድ አልጋ ጣላቸው። ሊድያ ተረፈች። ኪሩቤል... ኪሩቤልማ በስድስት ዓመቱ አፈር ለበሰ!

ሽማግሌዎች መከሩ። «ልጅቱ ገና አላገገመችም፤ ብትሰማ ትሞትብናለች። ለሕፃን መርዶ አይነገርም» አሉ። እናትም እንባቸውን ዋጥ አርገው «ኪሩቤል ዲላ አጎቱ ጋ ሄዷል» አሏት። አይ የሰው ብልሃት! ሊድያ ከአልጋ ከተነሳች ጀምሮ የዲላ አውቶቡስ በገባ ቁጥር መናኸሪያው በር ላይ እየቆመች የወራጁን ሁሉ ፊት ታያለች። ወንድሟ አይወርድም። ቆይታ፣ ከልጆች ሹክሹክታ እውነቱን ሰማች። ግን መርዶ ያልተነገረው ሰው በማን ፊት ያለቅሳል? እናትና ልጅ የኪሩቤልን ስም ሳያነሱ ሠላሳ ዓመት ኖሩ።

ዘንድሮ ወይዘሮ ሙሉዬ ልባቸው ደከመ። ሐኪሙ «ብዙ አይቆዩም» ሲላት፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ መምህርት የሆነችው ሊድያ መጥታ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ኪሩቤልን አርጂኝ።»

«አንቺ ልጅ! ታውቂ የለም እንዴ?»

«ማወቅስ አውቃለሁ። ግን አላስለቀሳችሁኝም። አንቺ ሳትነግሪኝ ከሄድሽ ማን ይነግረኛል?»

እናት ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። አመሻሹ ላይ ግን ጎረቤታቸውን ሮማንን አስጠሩና «ነገ በማለዳ ሰፈሩን ይዘሽልኝ ነይ፤ ልጄን ላረዳ ነው» አሏት።

«ከሠላሳ ዓመት በኋላ? ሰው ምን ይላል፣ እትዬ?»

«የፈለገውን ይበል!»

ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ ጥቁር ነጠላውን ለብሶ ገባና ተቀመጠ። ሊድያ ለምን እንደመጡ እያወቀች ከእናቷ አልጋ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። አንድ ሽማግሌ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ወይዘሮ ሙሉዬ ከለከሏቸው።

«የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ልናገር። ልጄ... ወንድምሽ ዲላ አልሄደም። ሞቷል!»

«ወንድሜን! ኪሩቤሌን!»

ያቺ ኮስታራ መምህርት መሬት ላይ ተዘረጋች። አሮጊቷ ከአልጋቸው ተንፏቀው ወርደው አቀፏት። አብረው አለቀሱ፤ ቤቱ ሙሉ አለቀሰ!

ሞትን ማስቀረት ለሰው አልተሰጠም፤ ለቅሶን የሚያስቀር ግን ራሱ ሰው ነው። ወይዘሮ ሙሉዬ በሳምንቱ አረፉ። ለሊድያ መርዶ መንገር አላስፈለገም፤ ሲያርፉ እጃቸውን ይዛ ነበር።