በማን ላይ አሳለፍከኝ?

ባሕሩን ያገኘሁት ወረፋ ላይ ነው። ሌላው ሰው ፍቅሩን ሠርግ ቤት ያገኛል፣ ቅዳሴ ላይ ያገኛል፣ አሁን አሁን ደግሞ በስልክ ይመርጣል። እኔ ግን በሰኔ ፀሐይ፣ ከስቶክሆልም ወጣ ብሎ ሐይቅ ዳር ባለ መዝናኛ ፓርክ፣ ከትልቁ ሮለር ኮስተር፣ በሐዲድ ሽቅብ ቁልቁል ከሚወረወረው ባቡር፣ ሥር፣ ሊሊን እየረገምኩ ቆሜ ነው ያገኘሁት።

ሊሊ ሁዲንጌ ሆስፒታል አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት። ደግ ናት፤ መቆም ግን አትችልም። ገና ከመሰለፋችን ስልኳን አወጣችና ብርቱካናማ የእጅ ማሰሪያ ገዛች። የፓርኩ ደንብ እንዲህ ነው፦ መግቢያ የከፈለ ሁሉ ይሰለፋል፤ በላዩ ለማሰሪያው የጨመረ ደግሞ በሌላ በር ገብቶ ከሰልፉ ራስ ላይ ይደነቀራል።

«ላንቺም ልግዛልሽ፣ ናዝሬት?» አለችኝ።

«አልፈልግም።»

«እንግዲያው ላይ እንገናኝ!» ብላ ሄደች።

«ሂጂ! ለወረፋ ያልታደልሽ፣ ለባል እንዴት ልትሆኚ ነው!» ብዬ በአማርኛ አጉረመረምኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው።

ዞር አልኩ። ረጅም ነው፣ መነጽር አድርጓል፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል።

«ይቅርታ» አለ። «ጆሮ አይዘጋም።»

«አንተስ ለምን አልከፈልክም?»

«ባልደረቦቼ ከፍለው ገብተዋል። እኔ ከፍታ እፈራለሁ። ሰልፉ ሲረዝም ሐሳቤን ለመለወጥ ጊዜ አገኛለሁ ብዬ ነው የቀረሁት።»

ለማያውቃት ሴት «እፈራለሁ» ብሎ የሚጀምር ወንድ አይቼ አላውቅም ነበር። ሥራውን ጠየቅሁት።

«የድልድይ መሐንዲስ ነኝ።»

«ከፍታ እየፈራህ?»

«እኔ ከሥር ሆኜ ነው የማያቸው።»

በዚህ ተጀመረ። እሱ ተወልዶ ያደገው ጉለሌ ነው፤ ለትምህርት መጥቶ ቀረ። እኔ ልጅ ሆኜ ነው የመጣሁት፤ አማርኛዬን አባቴ በግድም በውድም አቆየልኝ። ሳናውቀው ወደ ሰልፉ ራስ ደረስን። እዚያ አንዲት ሠራተኛ ሰንሰለት ይዛ ቆማለች። ብርቱካናማ ማሰሪያ በመጣ ቁጥር ሰንሰለቱን እኛ ፊት ትዘረጋዋለች፤ እነሱ ያልፋሉ፣ ባቡሩ ይሞላል፣ እኛ እንቀራለን።

ሰንሰለቱ በተዘረጋ ቁጥር ሰልፉ ላይ አንድ ዝምታ ይወርዳል። የዚህ አገር ሰው አይጮህም፤ ጫማውን ያያል። ከፊታችን የነበረ አባት ልጆቹ «እነሱ ለምን?» ብለው ሲጠይቁት አቀርቅሮ ስልኩን መነካካት ያዘ። ከፋዮቹም ቢሆኑ ዓይን ለዓይን እንዳንጋጠም አንገታቸውን ሰበር አድርገው ነው የሚያልፉት። ቅድም ሲሳሳቅ የነበረ ሕዝብ በአንዴ ተኮራርፎ ቁጭ።

ከዚያ ሁሉ ሰው ሰንሰለቱ ሲዘረጋ ደስ ያለን እኔና ባሕሩ ብቻ ነበርን።

«አለፉን» አለኝ።

«ይለፉ» አልኩት። ተያየን፤ ከዚያ ሁለታችንም ሌላ ቦታ ለማየት ተጣደፍን።

በመጨረሻ ተሳፈርን። ከላይ ስንወረወር እጄን ያዘ። ስንወርድም አልለቀቀውም፤ እኔም እንዲለቀው አላስታወስኩትም።

አሁን ወደ አባቴ ልምጣ። አባቴ አቶ ዓለሙ ሄሰልቢ በሚባል ሰፈር ይኖራል፤ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው። ስዊድን ውስጥ ከሁሉ የሚወደው ምን እንደሆነ ብትጠይቁት፣ ሰላሙን ወይም ሕክምናውን አይላችሁም። ኑመርላፕ ነው የሚላችሁ፤ ያቺን ከማሽን የምትቀደድ የተራ ቁጥር። ፋርማሲ ውስጥ አንድ ሰው ባይኖር እንኳን ቁጥሩን ቀዶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እስኪጠራ ይጠብቃል። «እዚህ አገር ሚኒስትሩም ይህችን ይዞ ነው የሚቀመጠው» ይላል፣ ራሱ የሾመው ይመስል።

ምክንያት አለው። በደርግ ጊዜ እናቱ በቀበሌ ሱቅ ለስኳር ጎህ ሳይቀድ ይሰለፉ ነበር። ሱቁ ሲከፈት የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀት ያላቸው በጓሮ በር ይገባሉ፤ ስኳሩ ያልቃል፤ እሳቸው ባዶ ዘንቢል ይዘው ይመለሳሉ። አባቴ ይህን ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይቀየራል።

እኔ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ለባሕሩ አልነገርኩትም። ማን ከፍቅረኛው ጋር ስለ ቀበሌ ስኳር ያወራል?

ፍልሰታ እንደተፈታ የሰበካችን ምእመናን ልጆችን ይዘው ወደዚያው ፓርክ ሄዱ። አባቴም መጣ። ባሕሩን ያን ቀን ላስተዋውቀው ወስኜ ነበር። ባሕሩ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ አሁንም እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ላቡ በጆሮው ሥር እየወረደ መጣ። ተዋወቁ። አባቴ ስለ ድልድይ ጠየቀው፤ ወደደው። እኔ አባቴን አውቀዋለሁ፤ ሰው ሲወድ መሃረቡን አውጥቶ መነጽሩን ይጠርጋል። ጠረገ።

ሐይቁን የሚዞር ትንሽ ባቡር አለ፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ እሱን ነው የፈለጉት። ሰልፉ ግን ረጅም ነው፤ ፀሐዩ ደግሞ አናት ይበሳል፤ አባቴ ጉልበቱን ያመዋል። እኔ ውኃ ልገዛ ሄድኩ። እስክመለስ ባሕሩ ባለው አቅም ሁሉ ሊያከብረው ፈልጎ ብርቱካናማ ማሰሪያ ገዝቶ እጁ ላይ አሰረለት። አባቴ የመግቢያ ምልክት መሰለው። ይህ ልጅ ሰው የሌለበት በር አገኘልኝ ብሎ፣ እየመረቀው፣ በከፋዮቹ በር ገባ።

ውኃውን ይዤ ስመለስ ከሩቅ አየሁት። «አባዬ!» ብዬ ጮኽኩ፤ አልሰማኝም።

ሰንሰለቱ ተዘረጋ። የተዘረጋው ደግሞ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ፊት ነው። እሳቸው የሰበካችን ትልቅ እናት ናቸው፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው አንድ እግራቸውን ባቡሩ መወጣጫ ላይ አንሥተው ነበር። ሠራተኛዋ በትሕትና አስቆመቻቸው። እግራቸውን ቀስ ብለው መለሱ። ቀና ሲሉ አባቴን አዩ።

«ይለፉ፣ አቶ ዓለሙ፤ ይለፉ» አሉት። በአክብሮት ነው ያሉት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

አባቴ ወደ ኋላ ያለውን ሰልፍ አየ፤ የሚያውቃቸው ፊቶች ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ። ከዚያ የእጁን ማሰሪያ አየ። ገባው። ዞረና ባሕሩን አገኘው።

«ባሕሩ» አለው፣ ድምፁን ሳያነሣ። «በማን ላይ ነው ያሳለፍከኝ?»

አባቴ ማሰሪያውን ፈቶ መለሰለትና፣ እያነከሰ ሄዶ ከሰልፉ ጭራ ቆመ። ባሕሩ ከኋላው ቆመ። ሁለቱ ያን ሁሉ ጊዜ ተከታትለው ቆመው አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

ወደ ሄሰልቢ ስንመለስ አባቴን በቱነልባናው፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ለመንኩት።

«አባዬ፣ ሊያከብርህ ብሎ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ። የሊቀመንበሩም ወረቀት ለወዳጅ አክብሮት ነበር።» መስኮቱን እያየ ጨመረ፤ «ሰው ረግጦ ለሚያልፍ ልጄን አልሰጥም።»

በማግስቱ ባሕሩን አገኘሁት። ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

«አዲስ አበባ አያቴን ባንክ ስወስዳት ሰው ሁሉ "ይግቡ፣ እማማ" ይል ነበር» አለኝ። «ሽማግሌ በፀሐይ አይቆምም ብዬ ነው። ምን አጠፋሁ?»

«ያኔ ሰዎቹ የሰጧት የራሳቸውን ቦታ ነው። አንተ የሰጠኸው የወይዘሮ አስካለን ነው።»

ሲያጠፋ አይከራከርም፤ ከወደድኩለት ነገር አንዱ ይህ ነው። ከዚያ «ትተይኛለሽ?» አለኝ።

«አልተውህም። አንተም ልትተወኝ ብትሞክር አትችልም። አባቴ ጽኑ ነው፤ እኔ ግን የእሱ ልጅ ነኝ።»

ተያየን። እጄን ያዘኝ፣ በዚህ ጊዜ መሬት ላይ ቆመን።

ባሕሩ በወጉ ሽማግሌ እንደሚልክ በሰው በኩል አስነገረ። መልሱን ልሰማ አባቴ ቤት ሄድኩ።

«ከሱ በፊት የመጡ አሉ። ሶደርማልም ምግብ ቤት ያለው ሰላምሰገድ በፋሲካ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ለመስቀል ቀጥሬአቸዋለሁ። የቀደመ ይቀድማል።»

እኔ ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ስንት ጊዜ አብረን ምሳ በልተናል፤ አንድ ቀን እንኳን አላነሣውም። ደማችን አንድ ነውና እኔም ፈላሁ።

«አባዬ፣ እኔ ፋርማሲ ነኝ? ሰው ቁጥር ቀዶ እስኪጠራ የሚጠብቀኝ?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«አድርገኸዋል እንጂ! ስለ ባቡር ተራ ለሰው ተቆጣህ፤ ስለ እኔ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ልብሴን ደርቤ ወጣሁ።

በቀጥታ ሶደርማልም ሄድኩ። ሰላምሰገድን ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ ምግብ ቤቱ ውስጥ አገኘሁት፤ ጠረጴዛ ይወለውላል። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ! ወንበር ሳበልኝ።

«ሽማግሌ እንደላክህ ዛሬ ነው የሰማሁት» አልኩት። «ሌላ ሰው እወዳለሁ። እስከ መስቀል ተስፋ እንድታደርግ አልፈልግም።»

ጨርቁን አጠፈ፣ እንደገና አጠፈ። «የምመለከትሽ በመዝሙር ጊዜ ነበር» አለ። «አላየሽኝም።»

«አላየሁህም። ይቅርታ።»

«ራስሽ መጥተሽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። ሽማግሌዎቼን ዛሬ እመልሳለሁ።»

ወጥቼ ጥግ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ደግ ሰው ማስከፋት ቀላል አይደለም። እንባዬን ጠርጌ ግን አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ከፊት ያሉት ወጥተዋል። አሁንስ ማን ቀረ?»

«አንቺ ልጅ» አለ፣ «እናትሽን መሰልሽ።» ስልኩን ዘጋው። እንዳልተቆጣ ግን ከድምፁ አወቅሁ።

ከቅዳሴ በኋላ፣ እሑድ፣ የባሕሩ ሽማግሌዎች ሄሰልቢ መጡ። እኔ በወጉ ወጥ ቤት ተደብቄ በበሩ ስንጥቅ አያለሁ። ከፊት አቶ ኃይለ ልዑል ናቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ የአባቴ የቆየ ወዳጅ። ከኋላቸው የምርኩዝ ድምፅ ሰማሁ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም!

ለካ ባሕሩ ከዚያ ቀን ማግስት ቤታቸው ሄዶ ጉልበታቸውን ስሞ ይቅርታ ለምኗል። ይቅር ሲሉት ሽማግሌ እንዲሆኑት ጠየቃቸው። ሌሎቹ «ሴት ሽማግሌ የት አገር አለ?» ሲሉ እሳቸው ናቸው የመለሱት፤ «ከባቡሩ እግሬን የመለስኩት እኔ አይደለሁ!»

ወጉ ጥብቅ ነው፤ ሽማግሌ እሺ እስኪባል አይቀመጥም። አባቴ ግን ምርኩዙን ሲያይ ደነገጠ።

«እርስዎ እንኳን ይቀመጡ፣ እሜቴ። እግርዎን ያምዎታል።»

«እሺ ሳይሉ አልቀመጥም።»

አቶ ኃይለ ልዑል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው የመጣነው።»

«ልጁ ምን እንዳደረገ እኚህ እናት ያውቃሉ» አለ አባቴ።

«አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «የተገፋሁት እኔ ነኝ። ልጁ መጣ፣ ጥፋቱን ራሱ ተናገረ፣ እኔም ይቅር አልኩት። እንግዲህ እርስዎ በእኔ ስም ቂም የያዙት በማን ውክልና ነው?»

አቶ ኃይለ ልዑል ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። አባቴ አልሳቀም። መሬት መሬት ሲያይ ቆየ። እምቢ ካለ ባሕሩን ይዤ እንደምወጣ ቆርጫለሁ፤ ግን አባቴን ትቼ መውጣት ምን ማለት እንደሆነም አውቃለሁ፤ ለእሱ ከእኔ ሌላ ማንም የለውም።

«ናዝሬት!» ብሎ ተጣራ።

ወጣሁ። እጄ እርጥብ ነው፤ ምን ሳጥብ እንደነበር አላውቅም። አባቴ በሰው ፊት እንዲህ አይቶኝ አያውቅም፤ ትንሽ የፈራኝ ይመስላል።

«ስንት ሰው ስለ አንቺ ጠየቀኝ» አለ። «እኔ አንቺን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም። ባሕሩን ትፈልጊዋለሽ?»

ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። አውቶቡስ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ አልጋዬ ላይ ስለማመደው የከረምኩት። አንዱም አልመጣልኝም።

«እወደዋለሁ፣ አባዬ» አልኩ።

በሽማግሌ ፊት እንዲህ አይባልም። አቶ ኃይለ ልዑል ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። አባቴ መሃረቡን አወጣ፤ ዓይኑን ይሁን መነጽሩን እንደጠረገ አላየሁም።

ወይዘሮ አስካለ ማርያም ግን መልሱን አልጠበቁም። ወንበር ስበው ተቀመጡ።