በቀይ ጠመኔ የተከበበው ግድግዳ

አባባ ፉርጎ ከሰገነቱ ወድቀው፣ አዲስ በተነጠፈው ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። አርባ ዓመት የባቡር ፉርጎ ሲመረምሩ ኖረው ጡረታ ቢወጡም፣ ከጣቢያው እግራቸው ጠፍቶ አያውቅም። ቀኝ መዳፋቸው በጠመኔ ቀልቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሱ ንጣፍ ሠራተኛውን በካቴና አስሮታል። የሟች አማች ነው። ሚስቱ የፖሊሱን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች።

«አባቴን አጣሁ፤ ደግሞ ባሌን ልትወስዱብኝ? ምን በደልኳችሁ!»

«ምስክር አለ፣ እህቴ» አለ ፖሊሱ።

ምስክሩ አርክቴክቱ ነው። አሮጌውን ጣቢያ ለከተማው ሁሉ ክፍት የሆነ መግቢያ አደርገዋለሁ ብሎ የተነሳው እሱ ነው። ጠዋቱ አጥንት ይሰብራል፤ እሱ ግን ኮቱን ገልብጦ ክንዱ ላይ አጥፎ፣ በሸሚዝ ይንቀጠቀጣል።

«እርስዎ ምን አዩ?»

«ወደ ከተማው በሚያወጣው የጣቢያው በር ስገባ አባባ ፉርጎ ሰገነቱ ላይ ነበሩ። ይኼ ከኋላ መጥቶ ገፋቸው። በዓይኔ በብረቱ!»

«ከበሩ ሆነው?»

«ከበሩ ሆኜ።»

መርማሪዋ የግንባታውን ፎርማን ዞር አድርጋ ጠየቀችው።

«ትናንት ከአማቻቸው ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ተጨቃጭቀዋል። ሽማግሌው የትኬት ቤቱ ግድግዳ ጣሪያውን ተሸክሟል፣ አይፈርስም ብለው ድርቅ አሉ። አማችየው ደግሞ ‹ሥራ አታስፈቱን› አላቸው። እንግዲህ ያው፣ የቤተሰብ ንትርክ ነው። ግድግዳው ዛሬ ሊፈርስ ነበር።»

ወደ ሰገነቱ የሚያወጣውን የብረት ደረጃ ወጣች፤ ደረጃው ንጹሕ ነው። ግድግዳው ከጣሪያው ብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በክብ ውስጥ ቀይ መስቀል ተሰምሯል፤ ግማሹ በጨርቅ ተጠርጓል። ወርዳ ወደ ከተማው በር ሄደች። እዚያ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ ደሟ ፈላ።

ሁሉንም አርክቴክቱ የሠራው የአዲሱ ጣቢያ ትንሽ ሞዴል ባለበት ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«የዚህን ሰው ጫማ እዩ» አለች ወደ ታሳሪው እየጠቆመች። «እስከ ቁርጭምጭሚቱ እርጥብ ሲሚንቶ ነው። በሄደበት ሁሉ ዱካ ጥሏል። ደረጃው ላይ ግን ጠብታ የለም፤ አልወጣም። ፎርማን፣ ፉርጎ ላይ ቀይ መስቀል በክብ ሲደረግ ምን ማለት ነው?»

«ብልሽት አለው፣ እንዳይነካ ማለት ነው። ያን ምልክት የፉርጎ መርማሪው ራሱ ካልሆነ ማንም አይጠርገውም።»

«አንድ ሰው ግን ጠርጎታል። የሲሚንቶ እጅ ቢሆን ግራጫ ይተው ነበር። የጠረገው ንጹሕ እጅጌ ነው። ኮትህን ዘርጋ!»

አርክቴክቱ ከእርስዎነት ወደ አንተነት መውረዱን ሳያስተውል አልቀረም፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እኔ እኮ ያየሁትን ነው የተናገርኩት...»

«ያየኸውን? ከከተማው በር ቆሜ ያየሁት የትኬት ቤቱን ግድግዳ ነው! ሰገነቱን ይጋርዳል። ግድግዳው የሌለው እዚህ ነው» ብላ ሞዴሉን በጣቷ መታችው። «ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼን ስታይ ኖረህ፣ ስትዋሽም ከዚሁ ቀዳህ። ሰገነቱን ያየኸው እላዩ ላይ ስለነበርክ ነው።»

ፖሊሱ ኮቱን ነጥቆ ገለበጠው። እጅጌው እስከ ክርኑ ቀልቷል።

«ምልክቱን ልጠርግ ስል አባባ ፉርጎ ያዙኝ!» ብሎ ጮኸ አርክቴክቱ። «ከበር እስከ ባቡሩ ወለል ብሎ እንዲታይ ነበር የፈለግሁት! አንድ ሽማግሌ በጠመኔ ሊያበላሸው? ገፋ አደረግኋቸው፣ በቃ!»

ካቴናው ከንጣፍ ሠራተኛው እጅ ወደ አርክቴክቱ ተሻገረ። ባልየው የታሰረበትን እያሻሸ ሚስቱን ሊያቅፍ ቀረበ፤ እሷ ግን አልፋው ፎርማኑ ፊት ቆመች።

«አንተም ሰምተሃቸዋል፤ ባሌም ሰምቷል» አለች። «ጣሪያው በሕዝብ ላይ ይወርዳል ሲሏችሁ ድርቅ አሉ አላችሁ። እናንተ እንድታምኑ አባቴ መሞት ነበረባቸው?»

ፎርማኑ ወደ ውጭ ወጣና የማፍረሻውን ማሽን ሞተር አስጠፋ።