ያልራሰው ዳቦ

ሆይት ፕሪቼት በለውዝ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ የጆንያ ክምር ተደግፎ ሞቶ ተገኘ። ጉልበቱ ላይ ግማሹ የተበላ ሳንድዊች ነበር። ሐኪሙ ምርመራውን ሲጨርስ «የአይጥ መርዝ» ብሎ ባርኔጣውን አጠለቀ።

መርማሪ ሜርል ዶብስ ሲደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ ጠበቀው። የሟቹ ልጆች ዱዊና ቮንዳ የእንጀራ እናታቸውን ኢዴላን ማድ ቤት ውስጥ ከበዋት ቆመዋል። ቀድሞት የደረሰው ምክትሉም ካቴናውን አውጥቷል።

«ምሳውን የምትቋጥርለት እሷ ናት» አለች ቮንዳ። «ይኸውና የለውዝ ቅቤው ጠርሙስ። መርዙ ላዩ ላይ ይታያል። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

ዶብስ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ወስዶ አየው። ቤት ውስጥ የተፈጨ ነው። ዘይቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ላይ ወጥቶ ረግቷል፤ ግራጫው ዱቄት ዘይቱ ላይ ተበትኗል። በሹካ ወደ ታች ቢወጋው ቅቤው እንደ ደረቀ ጭቃ ጠንክሯል።

«ወይዘሮ ፕሪቼት፣ የዛሬውን ከዚህ ነው የቀቡት?»

«አይደለም። ጠዋት አሮጌውን ጠርሙስ አሟጥጬ አጠብኩት። ይኼ ገና አልተነካም።»

«ውሸታም» አለ ዱዊ። «አባቴን ያገባሽው ለወፍጮው ብለሽ ነው።»

«ሰኞ በስሜ ሊያዞረው እንደሆነ ለሁላችሁም ነግሯችኋል። ታዲያ ሳይደርስ ምን አስቸኮለኝ?»

«ሳንድዊቹን እንዴት ነው የሚሠሩለት?» አለ ዶብስ።

«እናቱ ሥጋ በጠፋበት ዘመን እንዳስለመደችው። ባንዱ ቁራጭ ላይ የለውዝ ቅቤ፣ በሌላው ላይ ማዮኔዝ። ጥርስ የለውም፤ ማዮኔዙ ዳቦውን እስኪያርሰው ጠብቆ ነው የሚበላው።»

«አገር ይስቅበታል» አለ ዱዊ። «እኔ እንደ ሰው በኮምጣጤ በተዘፈዘፈ ኪያር ነው የምበላው።»

«ምሳ ዕቃው የት ይቀመጣል?»

«ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይንጠለጠላል» አለች ቮንዳ። «ማንም ያገኘዋል። እኔም ወደ ትምህርት ቤቱ ማድ ቤት ስሄድ ጠዋት አልፌበታለሁ። ለልጆች ምሳ መሥራት ወንጀል ከሆነ ይሰሩኝ።»

ዶብስ ወደ ወፍጮ ቤቱ በረንዳ ወጣ። የተረፈውን ሳንድዊች ከፈተው። የሁለቱም ቁራጭ ፊት ቡናማ ነው፤ ነጩ ማዮኔዝ መሃላቸው ተቀብሯል። ዳቦውን በጣቱ ተጫነው። ደረቅ ነው።

ተመልሶ ከጎረቤት ያስመጣውን የለውዝ ቅቤ ጠርሙስና ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ማዮኔዝ፣ ኪያርና ሙዝም አስቀመጠ።

«ርቦኛል። እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ሥሩልኝ።»

«ሬሳ ውጭ ተጋድሞ?» አለች ቮንዳ። «ነውር የሚባል አያውቁም?»

«አላውቅም። ቢላዋው ይኸው።»

ዱዊ አንዱን ቁራጭ ቀብቶ ኪያር ደፋበትና ከደነው። ኢዴላ ባንዱ ቅቤ፣ በሌላው ማዮኔዝ ቀባች። ቮንዳ የማዮኔዙን ብልቃጥ በክርኗ ገፋ አድርጋ ሙዝ መረጠች። ዓይኗን ከመርማሪው ሳትነቅል ቀባች፣ ከተፈች፣ ከደነች።

ዶብስ ሦስቱንም ሳንድዊች ከፈታቸው።

«ከጠርሙሱ ልጀምር። ዘይቱ የወጣበትን ቅቤ ሳያማስሉ መቀባት አይቻልም። ይኼኛው አልተማሰለም። ስለዚህ ሳንድዊቹ ከዚህ አልተሠራም፤ መርዙን የበተነው ወይዘሮ ፕሪቼትን ለማስወንጀል የፈለገ ሰው ነው። ያው ሰው ምሳ ዕቃው ውስጥ ያለውን ለውጦታል። የኢዴላን ሳንድዊች የት እንደጣለው የጓሮው አሳማዎች ያውቃሉ።»

«ይኼ ሰው እኔ ነኝ?» አለ ዱዊ።

«አንተ አንዱን ፊት ብቻ ነው የቀባኸው። አባትህ የበላው ግን ሁለቱም ፊት ቅቤ ነበረው። ቮንዳ፣ ለትምህርት ቤቱ በምትሠሪው የልጆች ምሳ ውስጥ ማርማላታው ዳቦውን እንዳያርሰው ምን ታደርጊያለሽ?»

ቮንዳ ወደ ጠረጴዛው አየች። የሙዙ ሳንድዊች ከፊቷ ተከፍቶ ነበር። ሁለቱም ቁራጭ ዳር እስከ ዳር የለውዝ ቅቤ ተቀብቷል።

«የእንጀራ እናትሽን አሠራር ታውቂያለሽ፤ ማዮኔዙን አልረሳሽም። እጅሽ ግን የለመደውን ሠራ። ኢዴላ ዳቦው እንዲርስ ትፈልጋለች፤ አንቺ እንዳይርስ ሁለቱንም ፊት በቅቤ ትደፍኛለሽ።»

«የእጅ ልማድ ሰው አያሳስርም» አለች ቮንዳ።

«ብቻውን ላያሳስር ይችላል።»

ዱዊ ከእህቱ ጎን ፈቀቅ አለ። ኢዴላ ግን ጠጋ አለቻት።

«እኔ የሠራሁት መስሎት ነው የበላው?»

ቮንዳ ቀና ብላ አየቻት። ጥላቻዋ ከጥንቃቄዋ በለጠ።

«አዎ። ‹ኢዴላ ዛሬ እጇ ከፋ› ብሎ ግማሹን አስቀመጠው።»

«ሲበላ አጠገቡ ነበርሽ ማለት ነው» አለ ዶብስ። ያለችውን ከሁሉም ዘግይታ የሰማችው ራሷ ቮንዳ ነበረች፤ ምክትሉ ካቴናውን ይዞ ጠረጴዛውን ሲዞር።