የአጥናፉ ባዶ እጅ

ጠራጊው አጥናፉ በማከማቻው ሲሚንቶ ላይ ተዘርሮ፣ ሥራ አስኪያጁ ጊል ሬሳውን በጫማው ጫፍ እያመለከተ «ሌባ ነው» አለ። መርማሪ ፈረደ ይህን የሰማው ገና ከበሩ ሳይገባ ነበር። ንዴቱን ዋጥ አደረገው። በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል የመጣ የጎንደር ልጅ ነውና እንዲህ ያለውን አነጋገር ሲሰማ የመጀመሪያው አልነበረም።

ማከማቻው አሽቀሎን ከተማ ዳር ያለ ቆርቆሮ ቤት ነው። ከነጌቭ በረሃ ተራሮች የተቆፈሩ ቅሪተ አካላት፣ ሰው ሳይፈጠር የኖሩ የአውሬና የዓሣ አጥንቶች፣ ይጠበቁበታል። እያንዳንዱ አጥንት ከየትኛው ተራራ እንደወጣ የሚናገር ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ ከተፋቀ አጥንቱ ለሚያጠኑት ሰዎች ከተራ ድንጋይ አይሻልም፤ ለሌባ ግን የትም የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል።

ነገር በዓይን ይገባል። ፈረደ ጎንበስ ብሎ አየ። አጥናፉ መሰላል ሥር ወድቋል፤ ማጅራቱ ላይ ተመቷል። ምንም ባላጠለቀ ባዶ ቀኝ እጁ ቁጥሩ የተፋቀ መንጋጋ ይዟል። የሥራ ካፖርቱ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ጓንቶቹ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ሚስቱ ሀረጓ በአውቶቡስ ደርሳ በሩ ላይ ቆማለች። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዕብራይስጡ ገና አልገባትም።

«ልጄ፣ ምን እያሉ ነው?»

«ሌባ እያሉት ነው፣ እትዬ ሀረጓ።»

«ሞቱስ የእግዜር ነው። ሌባ ተብሎ ግን አይቀበርም። ልጆቹ በየትኛው ዓይናቸው ሰው ያያሉ?»

የማከማቻው ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም በማለዳ እዚያው ነበሩ። ፈረደ ከጊል ጀመረ።

«ሥራውን እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«እንደማንኛውም ሰው። አጥንቱን በባዶ እጁ ያነሳል፣ ይጠርጋል፣ ይመልሳል። ዛሬ ሊሰርቅ ወጣ፤ ወደቀ።»

«ቁጥሩንስ ማን ፋቀው?»

«ራሱ ነዋ።»

ቁጥር ጻፊዋ አዲና ዓይኗ ቀልቷል። «ትናንት ሦስት መንጋጋዎች ተፍቀው አገኘና በዚያ ባረጀ ጓንቱ እየጠቆመ አሳየኝ። ነገ ጠዋት ለመንሄሉ፣ ለሥራ አስኪያጁ ለጊል፣ ንገረው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሹፌሩ ሽሎሚ አንገቱን ደፋ። «እኔ ሹፌር ነኝ፤ ምንም አላየሁም።»

«ጓንቱንስ?»

«አጥንት ሲነካ አውልቆት አያውቅም። ዶክተር እያልኩ እቀልድበት ነበር።»

ፈረደ ሁለት ፖሊሶች ወደ ጊል መኪና ላከ። ሲመለሱ ሁሉንም መሰላሉ ሥር ሰበሰበ።

«እኛ ቤተ እስራኤሎች ዘንድ» አለ «የሞተ ሰው አጥንት የነካ ሰባት ቀን ከሰው ተለይቶ ይቆያል። ሚስቱ እንደነገረችኝ፣ ጋሼ አጥናፉ ‹የአውሬ ይሁን የሰው በምን አውቃለሁ› እያለ ያለ ጓንት አንዱንም አይነካም ነበር። ጓንቱ ግን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ ሥራ ሳይጀምር ተመቷል ማለት ነው። መንጋጋውን እጁ ላይ ያስያዘው ገዳዩ ነው።»

ፈረደ ወደ ጊል ዞረ።

«አዲና ጓንቱን ታውቃለች፤ ሽሎሚም ያውቃል። ከሁለቱ አንዱ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ጓንቱን ያጠልቅለት ነበር። በባዶ እጁ ይሠራል ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ ጊል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሠራልህ፤ አንድ ቀን እንኳ እጁን አላየህም። ዛሬ ጠዋት አንተው የፋቅከውን ለአንተው ሊነግርህ መጣ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። አንዱን መንጋጋ እጁ ላይ አስያዝከው፤ ሁለቱ ከመፋቂያው ፈሳሽ ጋር መኪናህ ውስጥ ተገኝተዋል።»

ጊል ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ዝም በል አልኩት። ‹የተራራው ነው፣ የአንተ አይደለም› ብሎኝ ሊደውል ወደ ስልኩ ዞረ። ጠራጊ ሆኖ እኔን...»

ፈረደ ሊመታው እጁን ጨበጠ፤ ከዚያ ካቴናውን አወጣ። ጊልን ወሰዱት። ፈረደ የሆነውን ሁሉ ለሀረጓ በአማርኛ ነገራት። እሷ በሩ ላይ የሚገፈተረውን ሰውዬ ዞራም አላየችው፤ ሽሎሚን ትክ ብላ አየችው።

«ጠይቅልኝ» አለች። «ይህ ሰው ጓንቱን ያውቅ ነበር። ሌባ ሲሉት ለምን ዝም አለ?»

ፈረደ ተረጎመ።

«ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው» አለ ሽሎሚ።

ፈረደ ይህንንም ተረጎመላት።

«እሱም ሥራ ነበረው» አለች ሀረጓ።